ስሜ ግድግዳው ላይ ነው

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእኔ ግን የዋለው ከእጅ መታጠቢያው ገንዳ በላይ ነው፤ በነጭ ፕላስቲክ ታፔላ፣ በጥቁር ቀለም፣ ከሳሙናው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ። «የኬሚካል ሥራ ኃላፊ፦ ኪታዙሜ ሱሚኤ» ይላል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ሦስት መስመር አለ። ከሰቀለው ሰው ጀምሮ እነዚያን ሦስት መስመሮች ያነበበ አልነበረም። እኔ አነበብኳቸው፤ ጣጣው ሁሉ የመጣውም ከዚያ ነው።

የምንሠራው የመኪና አካል ነው፤ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ፓራውልት፣ ሁሉም ከፋይበር ግላስ፣ ማለትም ከመስታወት ክር። ብረት አንነካም። ሃማማትሱ ከተማ ዳር፣ ከሐይቁ ወዲህ፣ ድሮ የሽመና ፋብሪካ በነበረ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አራት ሰዎች ነን፦ ባለቤቱ ናሩሴ፣ ቢሮውን የምትይዘው ሚስቱ ሚትሱዮ፣ ከመስታወት ክር የተሠራውን ጨርቅ ሬዚን በሚባል ፈሳሽ ሙጫ እየነከሩ ፎርማው ላይ የሚያለብሱት አዛውንቱ ቶኩማ፣ እና እኔ። የደረቀውን ከፎርማው አላቅቄ ጠርዙን እቆርጣለሁ፣ እሞርዳለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ። ናሩሴን ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ አለቃ ነዋ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «አለ» ይበቃዋል። ቶኩማን የትም ብሆን አንቱ ነው የምላቸው፤ ስንጠራራ ስም ላይ የምንጨምረው «ሳን» ደግሞ የአክብሮት ነው።

የመስታወት ብናኝ የነካው ሰው ያውቀዋል። አይታይም፤ ግን አንገት ሥር፣ ክርን እጥፋት ላይ፣ ቀበቶ ሥር ገብቶ ያሳክካል። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የሥራ ልብሴን ከልጄ ልብስ ጋር አንድ ላይ አጥቤ፣ ሕፃኑ ሳምንት ሙሉ ሲያለቅስ ከረመ። ሐኪሙ ጋ ወሰድኩት፣ ቅባት ሰጠኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ የገባኝ ልብሱን ስሰጣ መዳፌን ሲወጋኝ ነው። ከዚያ ወዲህ የሥራ ልብሴን ለብቻው አጥባለሁ፤ እጅጌዬን ከጓንቴ ጋር በፕላስተር አጣብቃለሁ፤ ከሥራ ስወጣ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የምታጠበው፣ ሙቅ ውሃ ቆዳን ከፍቶ ብናኙን ያስገባዋል። ብናኙንም በአየር ግፊት አላራግፍም፤ በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ሰው የለም። ያስተማረኝ ቆዳዬ ነው።

መስከረም ላይ ናሩሴ ቢሮ ጠራኝ።

«ኪታዙሜ፣ ሁለት ቀን ትምህርት ትሄጃለሽ።»

«ምን ልማር አለቃ?»

«የአባቴ ስም ግድግዳው ላይ አለ አይደል? እሳቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት አለፋቸው። ሕጉ ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው ይፈልጋል።»

«ታዲያ ቶኩማ ሳን ለምን አይሄዱም? የሚነክሩት እሳቸው ናቸው።»

«እሳቸውን ሁለት ቀን ወንበር ላይ ማን ያስቀምጣቸዋል? አንቺ ሂጂ። ከፈለግሽ እዚያው ተኝተሽበት ነይ፤ ወረቀቱን ብቻ እንዳትረሺ።»

ስልሳ ወንድ መሀል ብቸኛዋ ሴት ነበርኩ። ከግራዬ ያለው ያንኮራፋል፣ ከቀኜ ያለው ጋዜጣ ያነባል። እኔ አልተኛሁም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለ ሥራዬ አፉን ከፍቶ የሚያስረዳኝ ሰው ሲገጥመኝ የመጀመሪያው ነበር። የሬዚን እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እንደሚሄድ እዚያ ነው የሰማሁት። የብናኝ ማስክ እንፋሎት እንደማያግድ፣ የእንፋሎት ማስክ ደግሞ ከፊት ቆዳ ጋር ካልገጠመ ጌጥ እንደሆነ እዚያ ነው የተማርኩት። መምህሩ አንድ ነገር አለ፤ «አፍንጫችሁ ሽታውን ከለመደው ደኅና ሆናችሁ ማለት አይደለም፤ ዘበኛው ተኝቷል ማለት ነው። አንዳንዱ ዘበኛ ደግሞ ከተኛ አይነሳም።» ይህን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ስመለስ ታፔላው ተሰቅሎ ጠበቀኝ። ሦስቱ መስመሮች እንዲህ ይላሉ፦ የሥራውን አካሄድ ይወስናል፣ ሠራተኞችን ያዛል። አየር ማውጫውን በየወሩ ይመረምራል። ማስክና መከላከያ በትክክል መደረጉን ይቆጣጠራል። «ያዛል» ነው የሚለው። ይለምናል አይልም፣ ያሳስባል አይልም። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና እጄን ታጠብኩ።

ብርዱ ሲገባ የኤንሹ፣ የአካባቢያችን፣ ደረቅ ነፋስ ከተራራው ወርዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል። አቧራው ያልደረቀ ሬዚን ላይ ካረፈ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው፤ ስለዚህ በሩ ሁሉ ይዘጋል። ሬዚኑ ደግሞ በብርድ አልደርቅ ይላል፤ ስለዚህ በፎርማዎቹ መሀል የላምባ ማሞቂያ ይለኮሳል። አየር ማውጫው ቺንጋው ከተበጠሰ ሁለተኛ ብርድ ወራቱን ይዟል፤ ነፋስ እንዳያስገባ ናሩሴ አፉን በካርቶን ደፍኖታል። እንግዲህ በሩ ዝግ፣ አየር ማውጫው ዝግ፣ መሀል ላይ እሳት፣ እሳቱ አጠገብ ብሩሽ የምናጥብበት ተቀጣጣይ አሴቶን የሞላበት ጣሳ። የአካባቢው ቤት ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ አባቶቻቸውም እንዲህ ነበር የሠሩት፤ እኔም ብሆን ሁለት ቀን ትምህርት እስክሄድ ድረስ አንድም ቀን ገርሞኝ አያውቅም።

ማሞቂያው በተለኮሰበት የመጀመሪያ ሰኞ ቶኩማ ፊት ቆምኩ።

«ቶኩማ ሳን፣ ከዛሬ ጀምሮ ማስክ ያድርጉ። ጣሳውንም ከማሞቂያው እናርቀው።»

ብሩሻቸውን ሳያቆሙ ሳቁ። ነጭ ጢማቸው እስከ ደረታቸው ይወርዳል፤ የሚኮሩበት ጢም ነው። «ሰማችሁ? ታፔላዋ ተናገረች» አሉ።

«ታፔላው ላይ ያዛል ይላል።»

«ልጄ፣ እኔ ሬዚኑ መጠንከር መጀመሩን የማውቀው አሽትቼ ነው። አርባ ዓመት። አፍንጫህን ሸፍነህ ሥራ ማለት ዓይንህን ጨፍነህ ንዳ ማለት ነው። ደግሞስ ይህን ጢም የት ላድርገው? ኪሴ ውስጥ ልክተተው?»

እሳቸው ማስክ ካላደረጉ ማንም ማድረግ አይችልም። እኛ ዘንድ ታላቅ ባዶ ፊቱን እየሠራ ታናሽ ፊቱን ቢሸፍን «አንተ ሞኝ ነህ» እንዳለው ይቆጠራል። እኔ እንኳ የብናኝ ማስኬን፣ ስሞርድ ብናኙን ከሚከልለው መጋረጃዬ ጀርባ ነበር የማደርገው፤ እንደ ሌባ። ናሩሴ ነገሩን ሲሰማ በጥርሱ እየሳቀ መጣ።

«ኪታዙሜ፣ የሰቀልነው ስምሽን ነው፤ አፍሽን አይደለም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «ታፔላ» ሆነ። «ታፔላ፣ መቁረጫውን አቀብይኝ።» «ታፔላ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ።» ሳቅኩላቸው። ግን በየጠዋቱ ያንኑ ትእዛዝ ደገምኩት፤ እነሱም በየጠዋቱ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ጥቅምትም ኅዳርም እንዲሁ አለፈ።

በታኅሣሥ፣ የእኛ አገር አዲስ ዓመት ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሥራው ጦፈ። አንድ ትልቅ ደንበኛ ለጥር የመኪና ትርኢት አሥራ ሁለት ኮፈን አዞ ነበር። ስምንቱ አልቀዋል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቶኩማ ዘጠነኛውን ያለብሳሉ፤ እኔ መጋረጃዬ ጀርባ እሞርዳለሁ። ድንገት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሸተተኝ። አሴቶን ማለት እሱ ነው፤ የማታውቀው ሴት የለችም።

ወጣሁ። ቶኩማ ጀርባቸውን ለማሞቂያው ሰጥተው፣ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብለው ያንጎራጉራሉ። ከኋላቸው ጣሳው በተረከዛቸው ተገፍቶ ተጋድሟል። ፈሳሹ ወለሉ ላይ ቀጭን ምላስ አውጥቶ ወደ እሳቱ እየሄደ ነው፤ የቀረው አንድ ክንድ ቢሆን ነው።

«ቶኩማ ሳን፣ አይሸትዎትም?»

«ምኑ?»

ማሞቂያውን በእግሬ መታሁት። እኛ አገር የሚሸጥ ማሞቂያ ሁሉ ለመሬት መንቀጥቀጥ ሲባል ከተናወጠ ራሱን ያጠፋል፤ ትምህርቱ ላይ ምድጃ በእርግጫ ምቱ ባይሉንም በዚያች ሰዓት ሌላ አልመጣልኝም። እሳቱ እልም አለ። ሮጬ ትልቁን በር ከጫፍ እስከ ጫፍ ከፈትኩት። ነፋሱ የእርሻውን አሸዋ ሁሉ ይዞ ገባና ያልደረቀው ኮፈን ላይ ተኛ። ሁለት ቀን የተለፋበት ሥራ ዳቦ ላይ እንደተነሰነሰ ጥቁር አዝሙድ ሆነ።

ናሩሴ ሲመጣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር።

«ምን አደረግሽ?»

«ማሞቂያውን አጠፋሁ፣ በሩን ከፈትኩ።»

«ኮፈኑን አበላሸሽው።»

«ቶኩማ ሳን ከሚቃጠሉ ኮፈኑ ይበላሽ።»

«የተቃጠለ ሰው አለ? ይኸው ቆመዋል አይደል? አራት ኮፈን ይቀረኛል፣ ሐሙስ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ አንቺ ደግሞ በር ትከፍቻለሽ።»

ቶኩማ ጎንበስ አሉ። የተጋደመውን ጣሳ ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ አንሥተው ክዳኑን ገጠሙለት። ሲያላግጡ ነበር የለመድኩት፤ ይህ ከናሩሴ ጩኸት ይልቅ ከበደኝ።

እኔም በዚያው ቁጣዬ አየር ማውጫውን ራሴ አሠራዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። የቺንጋውን ቁጥር ፍለጋ ቢሮ ገብቼ መደርደሪያውን ሳገላብጥ አንድ ቀጭን መዝገብ አገኘሁ። «የአየር ማውጫ ወርኃዊ ምርመራ» ይላል። ጥቅምት፦ ደኅና። ኅዳር፦ ደኅና። ታኅሣሥ አሥራ አምስት፦ ደኅና። ቀኑ ገና ሰባት ነበር። በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ቀይ የማኅተም ክብ አለ፤ ክቡ ውስጥ «ኪታዙሜ» ይላል።

ሚትሱዮ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች።

«ምን ሆንሽ? ቀለምሽ ጠፋ።»

«ይህን ማን መታው?»

«እኔ ነኛ። ማን ይመታዋል?» የብስኩቱን ቆርቆሮ አነሳች። የአራታችንም ማኅተም እዚያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ እኛ አገር ፊርማ ማለት እሱ ነው። «የዕቃ መረከቢያውን፣ የፈቃድ ወረቀቱን፣ ሁሉን እኔ አይደለሁ የምመታላችሁ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ቅር ብሎሽ ያውቃል?»

አያውቅም። እውነቷን ነው። ማኅተሜን ሥራ በጀመርኩ ዕለት በሁለት እጄ ያስረከብኳት እኔ ነኝ። ሁሉም ቤት እንዲህ ነው፤ በሬዚን የተለወሰ እጅ ይዞ ለአንዲት ክብ ማን ይመላለሳል? ማኅተሙን ቢሮ የማይተው ሠራተኛ እንደማያምን ይቆጠራል። ስለዚህ ስሜን አሳልፌ የሰጠሁት እኔው ነኝ፤ ሌላ ሰው ላይ ማላከክ አልችልም።

«ለአንቺው ብዬ ነው» አለች ሚትሱዮ። «ሥራ እንዳይበዛብሽ።»

«ሚትሱዮ ሳን፣ ነገ ቶኩማ ሳን እዚያ ወለል ላይ ወድቀው ቢገኙ የሚጠየቀው ይህ ክብ ነው። ክቡ ደግሞ እኔ ነኝ። ደኅና ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።»

«እንዲህ አታሟርቺ።»

ቆርቆሮውን ከፍቼ ማኅተሜን ወሰድኩ። ትንሽ ነገር ናት፣ ከልጅ ጣት አትበልጥም። ኪሴ ስከታት ሚትሱዮ የሰደብኳት ይመስል አፏን ያዘች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ናሩሴ መጋረጃዬ ጋ መጣ። አልጮኸም፤ ሳይጮህ ሲቀር ነው የሚያስፈራው።

«ማኅተሟን ይዛ የወጣች ሠራተኛ አይቼ አላውቅም። ይሁን። ሐሙስ ሰውየው መርምረሻል ወይ ይልሻል። አዎ ትያለሽ። አንዲት ቃል ናት።»

«ባልልስ?»

«ቤቱ ይዘጋል። በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ቶኩማን ማን ይቀጥራል? በአርባ ሰባትሽ አንቺንስ? እስቲ አስቢው።»

አሰብኩት። ሦስት ቀን ሙሉ አሰብኩት። አዎ ካልኩ ቶኩማ ያንኑ አየር እየሳቡ ይቀጥላሉ፤ ደኅና ነው ያልኩትም እኔ እሆናለሁ። አይ ካልኩ እንጀራቸውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ፈራሁ። መፍራቴ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ሐሙስ ጠዋት ቤቱ ሙሽራ መስሎ ጠበቀኝ። ወለሉ ታጥቧል፤ የአሴቶኑ ጣሳ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቷል፤ ማሞቂያው የናሩሴ መኪና ውስጥ ተደብቋል። ቶኩማ አዲስ የእንፋሎት ማስክ አድርገዋል፤ ጢማቸው በግራና በቀኝ እንደ መጥረጊያ ወጥቷል። ከሁሉ ያስደነገጠኝ አየር ማውጫው ነው። ካርቶኑ ተነሥቷል፤ ክንፎቹ ይሽከረከራሉ። ናሩሴን በክፉ ጠርጥሬው ነበር ማለት ነው፤ አፈርኩ። ጠጋ ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁት። ሞተሩ ድምፅ የለውም። የተበጠሰው ቺንጋ እንደተንጠለጠለ ነው። ክንፎቹን የሚያዞራቸው የኤንሹ ነፋስ ነበር።

ተቆጣጣሪው ኢሶጋይ የሚባል ወጣት ነው፤ መነጽር ያደረገ፣ ሲናገር የሚያጎነብስ። መዝገቡን ገለጠ፤ ግድግዳውን አየ፤ ቀና አለ።

«ኪታዙሜ ሳን እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«አየር ማውጫውን በየወሩ የመረመሩት እርስዎ ነዎት?»

ናሩሴ ከኋላው ቆሞ ዓይኑን ተከለብኝ። ሚትሱዮ ጫማዋን ታያለች። ቶኩማ ከማስኩ በላይ የሚያዩት እኔን ነበር።

«ማኅተሙ የእኔ ነው» አልኩ። «እጁ የእኔ አይደለም። አንድም ቀን አልመረመርኩም። ይህ አየር ማውጫ ከቆመ ሁለተኛ ብርዱ ነው።»

«አሁን ግን እየዞረ…» አለ ኢሶጋይ።

«የሚያዞረው ነፋሱ ነው።»

«ሴትየዋ ሰሞኑን አሟታል» አለ ናሩሴ እየሳቀ። «እንቅልፍ አጥታለች።»

ከቶኩማ ጠረጴዛ አንዲት የመስታወት ክር መዘዝኩ። ትምህርቱ ላይ ያሳዩን ነው፤ ክሩን አየር ማውጫው አፍ ላይ ስትይዘው ወደ ውጭ ከተሳበ ይሠራል፣ ካልተሳበ አይሠራም። እጄን ዘርግቼ ያዝኩት። ክሩ ወደ ውጭ አልሄደም፤ ዞሮ ወደ ፊቴ ተነፋና ጉንጬን ነካኝ። ኢሶጋይ ማብሪያውን ራሱ ተጫነው፤ አጠፋው፤ ደግሞ ተጫነው። ክንፉ እንደ ፍጥርጥሩ መዞሩን ቀጠለ። የሳቀ የለም።

ሰውየው ቆሞ ብዙ ጻፈ። ሲጨርስ ወረቀቱን ለናሩሴ በሁለት እጁ ሰጠው።

«እስከ ሃያ ድረስ አሠርተው ያሳውቁን። እስከዚያ ግን መንከሩን እንድታቆሙ በጥብቅ እመክራለሁ።»

«በሚገባ» አለ ናሩሴ፤ ወገቡ እስኪሰበር አጎነበሰ።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ። የመከራው ነገር ግን እኛ ዘንድ ለየት ይላል፤ ምክሩን እምቢ የሚለው አንዱ፣ መከራው የሚመክረው ሌላውን ነው። የተቆጣጣሪው መኪና ከመታጠፊያው ሳያልፍ ናሩሴ ማሞቂያውን ከመኪናው አወረደ። ካርቶኑን መልሶ ደፈነ። በሩን ራሱ ጎትቶ ዘጋው።

«ወረቀቱ እስከ ሃያ ነው የሚለው። ዛሬ አሥር ነው። ቶኩማ ሳን፣ ይጀምሩ፤ አራት ኮፈን አለብን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ዕቃሽን ሰብስቢ። ከነገ ጀምሮ እንዳላይሽ።»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

«መጀመሪያ ስሜን ያውርዱ።»

«ምን አልሽ?»

«ታፔላው ያውልዎት። እጅዎን ዘርግተው ያውርዱት። ስሜ እዚያ እስካለ እኔ እዚህ አለሁ፤ እኔ እዚህ እስካለሁ ደግሞ አዛለሁ። ካወረዱት ለአንዲት ጠብታ ሬዚን እንኳ ሕጋዊ ሰው የለዎትም። የአባትዎን ስም መልሰው ይስቀሉና እሳቸው ይዘዙልዎት።»

«ናሩሴ» አለች ሚትሱዮ፣ ቀስ ብላ።

ናሩሴ ወደ ገንዳው ሄደ። እጁን አነሣ። ጣቱ የታፔላውን ጠርዝ ነካ፤ እዚያው ቆየ። ቆጠርኩ፣ እስከ ሰባት ደረስኩ። እጁን አወረደ።

«ይሰቀል። ያው ፕላስቲክ ነው» አለ። «ቶኩማ ሳን፣ ምን ይጠብቃሉ? ብሩሽዎን ይያዙ።»

ቶኩማ ማስኩን ከፊታቸው አወለቁ። ጢማቸውን በእጃቸው አስተካከሉ። ሲናገሩ ሁልጊዜ የሚያላግጡበት ድምፅ አልነበረም።

«ናሩሴ፣ አንተን ከጉልበቴ ሳትደርስ ነው የማውቅህ። ስለዚህ አድምጠኝ። ሰኞ ጣሳውን የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ ሽታው አልሸተተኝም። ስድስት ዓመት ሆነኝ፣ ምንም አይሸተኝም።»

«እንዴት? ሬዚኑን አሽትተው…»

«በእጄ ጀርባ ነው። ሙቀቱን እነካለሁ። በአፍንጫዬ ነው እያልኩ አሾፍኩባችሁ። ባለፈው ዓመት ሚስቴ ገበያ ውላ ስትመጣ ሩዙ አርሮ፣ ቤቱ ጭስ ሞልቶ፣ እኔ እዚያው ጋዜጣ ሳነብ አገኘችኝ። አለቀሰች። ሽማግሌ ይህን ለሰው ይናገራል? አፈርኩ፤ ዝም አልኩ። ይህቺ ሴትዮ በየጠዋቱ ስትነግረኝ እኔ በየጠዋቱ ሳቅሁባት፤ እውነቷን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም እኮ።»

ዕንባዬ መጣ። አልደበቅሁትም። አዘንኩላቸው፤ ተናደድኩባቸውም። ሦስት ወር ስሜ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠገባቸው ቆሜ፣ የሚያንጎራጉሩት ሰው ውስጣቸው ምን እንደጎደለ አላወቅሁም። ዘበኛው ተኝቶ ነበር፤ እኔም ተኝቼ ነበር።

ናሩሴ ወደ ቶኩማ ጠጋ አለ። የሚያዝን መስሎኝ ነበር።

«እንግዲህ አንዴ ከጠፋ ጠፋ» አለ። «አራት ኮፈን ነው የቀረው። አራት ብቻ። ከዚያ በኋላ አሠራዋለሁ፤ ቃሌ ነው። ብሩሹን ያንሱ።»

ቶኩማ ብሩሹን አነሡ። በናሩሴ አጠገብ አለፉ፤ በፎርማው አጠገብም አለፉ፤ መጥተው እኔ ፊት ቆሙ። ብሩሹን በሁለት እጃቸው እንደያዙ አጎነበሱ፤ ለእኔ፣ ስሞርድ ለምውል ሴት።

«ኃላፊ» አሉ። «ልጀምር?»

ናሩሴ አየኝ። ሚትሱዮ አየችኝ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ደንበኛው እንደሚቀር አውቃለሁ፤ የአዲስ ዓመቱ ጉርሻ እንደሚቀር አውቃለሁ፤ ምናልባትም ቤቱ። የቶኩማም እንጀራ አብሮ እንደሚቀር አውቃለሁ።

«አይቻልም» አልኩ።

ቶኩማ ማሞቂያውን አጠፉ፤ ብሩሹን አስቀመጡና መጥተው አጠገቤ ቆሙ።